ዕቃን በካሚዮን ላይ ስለ ማሰር

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ቤት የመለወጥ ወራት ይሆናል። ከመስከረም ጀምሮ በጳውሎስ ሆስፒታል ፊት ለፊት በሚያልፈው መንገድ ዳር ጥቂት ሰዓት የቆመ ሰው የብዙ ቤተ ሰብ ጓዳ በካሚዮን ላይ ተጭኖ ሲያልፍ ያያል፤ አልጋው፥ ቁም ሣጥኑ፥ ማቀዝቀዣው፥ የጠላው ጋን፥ የእንጀራው ምጣድ ሁሉ በአደባባይ ይታያል። አንዱ ወደ ዊንጌትና ወደ አስኮ ይሄዳል፤ ሌላው በኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰውን ቤት ለመያዝ ወደ ጀሞ ወይም ወደ ኮዬ ፈጬ ይወርዳል። ከዚህም ሁሉ ጭነት በላይ፥ በፍራሹ ላይ ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን ዘርግቶ የተኛ አንድ ወጣት አለ። ምን ይሠራል ቢሉ ፍራሹ በነፋስ እንዳይሄድ ይይዛል። አንዳንድ ጊዜም ይህ ወጣት የባለ ቤቱ ልጅ ነው።

በዚህ ዓምድ ከክቡራን አንባቢዎቻችን ጋራ ስለ ቤት ውስጥ ሥርዓት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ቤቱ ራሱ በመንገድ ላይ ስለሚውልባት ስለዚያች አንዲት ቀን ለመናገር እንወዳለን። ይህ የሾፌሩ ጉዳይ ነው እንጂ የእኛ አይደለም የሚል አይጠፋም። ሾፌሩ ግን መኪናውን ያውቃል እንጂ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ብርጭቆ አያውቅም። ጫኝና አውራጆቹም ዋጋቸው የሚቈረጠው በመጫንና በማውረድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በውላቸው ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ያ መንገድ የባለ ቤቱ ነው።

አስቀድመን በፍራሹ ላይ ስለ ተኛው ሰው እንናገር። በካሚዮን ላይ ያለ ዕቃ ከካሚዮኑ ጋራ አብሮ ይሮጣል። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ጊዜ ካሚዮኑ ይቆማል፤ ዕቃው ግን የሚያቆመው ነገር ካላገኘ ሩጫውን አይተውም። በአውሮፓና በአሜሪካ የጭነትን ደንብ የሚያወጡ መሐንዲሶች በብርቱ ፍሬን ጊዜ ዕቃ ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ከክብደቱ ከዐሥር እጅ ስምንቱን እጅ ያህል፥ ወደ ጎንና ወደ ኋላ የሚገፋበት ደግሞ ግማሹን ያህል ነው ብለው ይቈጥራሉ። እንግዲህ 100 ኪሎ የሚመዝን ማቀዝቀዣ በ80 ኪሎ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል ማለት ነው። በላዩ የተኛው ወጣት 60 ኪሎ ቢመዝን እርሱ ራሱ በ48 ኪሎ ኃይል ይገፋል፤ ያዥ የተባለው ሰው እርሱንም የሚይዘው ሌላ ያስፈልገዋል። የነፋሱም ነገር ሌላ ነው። የመኪናው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰፈር ውስጥ ጸጥ ብሎ ተኝቶ የነበረው ፍራሽ ቀለበት መንገድ ላይ ሲወጣ ክንፍ ያወጣል፤ የሚነሣውም ከተኛበት ሰው ጋራ ነው። ሰው ገመድ አይደለም።

አባቶቻችን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ሲጭን ከበሬ ቆዳ የተሠራ መጫኛ ነበረው፤ ስሙም ሥራውን ይናገራል። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ቆመው ሸክሙን ካመዛዘኑ በኋላ አንዱ ሲይዝ አንዱ እየሳበ ያጠብቁታል። ከሽማግሎች እንደ ሰማነው ነጋዴው ከሰፈር ተነሥቶ ጥቂት መንገድ እንደ ሄደ ቆሞ መጫኛውን ይፈትሽ ነበር፤ በቅሎዪቱ ስትራመድ ሸክሙ ቦታ ቦታውን ስለሚይዝ መጫኛው ይላላልና። ሸክሙን እንዲይዝ በላዩ ሰው ያስተኛ ነጋዴ ግን ሰምተን አናውቅም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጓዙ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። መድፉ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል ይባላል፤ የሄደውም በሰው ጉልበትና በጠፍር ገመድ ነው። አምሳያው ዛሬ በቸርችል ጎዳና በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያልና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብታሳዩአቸው መልካም ነው። እንዲህ ያለ ክብደት አቀበቱን ሲወጣ ከፊት የሚስበው ገመድ ያስፈልገዋል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን ከኋላ የሚያስቀረው ገመድ ከሌለ ፊት ፊት የሚስቡት ሰዎች ከመንኰራኵሩ በታች ይሆናሉ። የሚጓዝ ክብደት ሁሉ፥ መድፍም ይሁን ቁም ሣጥን፥ ጠባዩ ይኸው ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የታሰረ እንዳልታሰረ ይቈጠራል። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ሰፈራችን በስሙ የተጠራው ቅዱስ ጳውሎስም ሥራው ድንኳን መስፋት ነበርና ገመድ ያውቅ እንደ ነበረ አንጠራጠርም። በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የባሕር ጉዞ ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ማዕበሉ በበረታ ጊዜ መርከበኞቹ መርከቢቱን ዙሪያዋን በገመድ አስታጠቋት፤ ኋላም ከበስተኋላዋ መልሕቅ ጣሉ፤ የጣሉትም አንድ ሳይሆን አራት ነው።

አራት መሆኑ ለዛሬው ነገራችን ይጠቅመናል። በአሜሪካ አገር አንዳንድ ቤተ ሰብ በፒክ አፕ መኪና ጀርባ ላይ አልጋና ምድጃ መስኮትም ያላት ትንሽ ቤት ጭኖ ለዕረፍት ይጓዛል፤ ሲመለስም ቤቲቱን አውርዶ መኪናውን ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ከነዚህ ቤቶች ከባዶቹ ከ1 ሺህ 500 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። የሚታሰሩትም በአራቱ ማዕዘናቸው በሰንሰለትና በጥምዝ ብረት ማጥበቂያ ነው። ማሰሪያውን ከመግዛት ይልቅ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ብዙዎች አሉ፤ ከእነርሱም ልምድ አንድ ታላቅ ነገር እንማራለን። ይኸውም ማሰሪያው ብርቱ ሆኖ የታሰረበት ቦታ ደካማ ሲሆን የሚደርሰው ጉዳት ነው። የፒክ አፕ ጀርባ ዙሪያው ስስ ላሜራ ስለ ሆነ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ላሜራው ይቀደዳል። ስለዚህ ብልኆቹ ማሰሪያውን ከላሜራው አሳልፈው ሻንሲ ከሚባለው ከመኪናው አጥንት ጋራ ያገናኙታል። በመካከሉም ብርቱ ሞላ ያገቡበታል፤ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አካሉ ይጣመማልና ሞላው ያን ጊዜ ይለጠጣል፥ ወዲያውም መልሶ ያጠብቃል። በከተማችንም በፒክ አፕ ጀርባ ላይ ከእንጨትና ከላሜራ ሣጥን አሠርተው ዳቦና አትክልት እያዞሩ የሚሸጡ ሰዎች አይተናል። አንዱን፥ ወንድሜ፥ ይህች ሣጥን በምን ተይዛ ነው ብለን ብንጠይቀው፥ «በክብደቷ ነዋ!» ሲል መለሰልን።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት የገመድን ጠባይ ማወቅ ይገባል። የቃጫ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ይወፍርና ያጥራል፥ ሲደርቅ ይላላል፤ ስለዚህ በዝናብ የታሰረው በፀሐይ ይፈታል። ጥሬ ቆዳ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲርስ ይለጠጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል። ጠፍር አልጋ የሚጠፈረው ጠፍሩ እርጥብ ሳለ ስለዚህ ነው። የላስቲክ ገመድ ርካሽና ቀላል ቢሆንም ፀሐይ ይበላዋል፤ ዓመት ሙሉ በደጅ ከርሞ በእጅ ሲያሹት እንደ ገለባ የሚፈረፈር ከሆነ ለልብስ ማስጫ እንኳ አይሆንም። የናይሎን ገመድ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ይለጠጣልና ደጋግሞ ማጥበቅ ይፈልጋል። ሽቦን ግን ከቶ አንመክርም። ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቆይቶ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል፥ ሲበጠስም በአጠገቡ ያለውን ሰው ፊት ይገርፋል።

ለቤት ሥራ እኛ የምንመርጠው ከአሮጌ መኪና የተፈታውን፥ በሶማሌ ተራ የሚሸጠውን የወንበር ቀበቶ ነው። ይህ ጥብጣብ በግጭት ጊዜ ሰውን እንዲይዝ የተሠራ ስለ ሆነ በአውሮፓ ደንብ መሠረት አዲስ ሳለ ከ1 ሺህ 400 ኪሎ በላይ ጉተታ መቻል አለበት። ዳሩ ግን ከተጋጨ መኪና የወጣ፥ ጠርዙ የተተለተለ ወይም ቀለሙ በፀሐይ የነጣ መሆን የለበትም። ሲገዙት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት እየዳሰሱ መመርመር ነው፤ ሻጩ ቢቸኵል ወደ ጎረቤቱ መሄድ ይቻላል። ነፋስ የሚሞላበት የውስጥ ጎማም በሁለት ጣት ስፋት እየተተለተለ ሲቈረጥ ጥሩ መጠቅለያ ይወጣዋል። ይህ ግን የሚያጠብቅ እንጂ የሚይዝ አይደለም፤ ወንበርን ከወንበር፥ በርሜልን ከበርሜል ጋራ ለመጠቅለል ይረዳል፤ ማቀዝቀዣን ብቻውን አያቆምም።

ጥብጣቡ ከተገኘ በኋላ ሁለቱ ጫፎቹ አንድ አንድ ስንዝር ይታጠፉና በብርቱ የናይሎን ክር ይሰፋሉ። የሚሰፋውም ለጫማ ሰፊ ተሰጥቶ ነው፤ የልብስ ሰፊ መኪና መርፌው አይችለውምና። ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ በመካከሉ መስቀለኛ ቢሰፋ ጉተታውን እኩል ይከፋፈላል። ቋጥሮ ማሰር አይበቃምን የሚል ቢኖር፥ ገመድ በተቋጠረበት ቦታ ከብርታቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ሊያጣ እንደሚችል ይወቅ። በአንደኛው ጫፍ ሜንጦ ይገባበታል። ሜንጦውን ከ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ማንኛውም በያጅ በእሳት አግሎ ያጥፈዋል፤ ጥብጣቡ የሚገባበት ወገን ግን ክፍቱ በብየዳ መዘጋት አለበት፥ የብየዳውም ሸካራ ጥብጣቡን እንዳይበላው በሞረድ ይለስልስ። በሁለተኛው ጫፍ የሦስት ሜትር ገመድ ይያያዝበታል፤ ይህ ለማጥበቂያ ነው።

እንዲህ ሆኖ የተሠራ ማሰሪያ ሳይፈተን በመንገድ ላይ አይወጣም። አንድ ኩንታል እህል ከብርቱ ዛፍ ወይም ከወራጅ እንጨት ላይ በማሰሪያው አንጠልጥሎ፥ ከምድር አንድ ክንድ ብቻ ከፍ አድርጎ፥ ልጆችን አርቆ ሌሊቱን ማሳደር ነው። በማለዳ የሜንጦው አፍ ተከፍቶ ወይም ስፌቱ ሰልሶ ቢገኝ ያ ማሰሪያ አይረባም። ደኅና ሆኖ ቢገኝም የተፈተነበትን 100 ኪሎ ብቻ ይችላል ብሎ መቍጠር የጠንቃቃ ሰው ሥራ ነው። በአሜሪካ ሕግ የማሰሪያዎቹ ችሎታ አንድ ላይ ተደምሮ ከጭነቱ ክብደት ግማሽ ማነስ የለበትም። የቤቱ ዕቃ 1 ሺህ 200 ኪሎ ቢሆን ስድስት ማሰሪያ የግድ ነው፤ እኛ ግን ስምንት ይሁን እንላለን፤ የአዲስ አበባ መንገድ ጉድጓዱን ማንም አልቈጠረውም።

ማሰሪያው የሚያዝበትን ቦታ ስለ መምረጥ ከላይ ጀምረናል። ብዙ ሰው ገመዱን በስፖንዳው ላይ ያስራል። ስፖንዳ ግን በማጠፊያ የቆመ በር ነው፤ በበር ላይ የታሰረ ነገር በሩ ሲከፈት ይፈታል። በወለሉ ላይ ቀለበት ከሌለ ባለ መኪናውን አስፈቅዶ ራሱ ቀለበት የሆነ ቡሎን ከላይ እስከ ታች ማሳለፍ፥ ከበታቹም መዳፍ የምታህል ወፍራም ብረት አግብቶ በሁለት ዳዶ ማጥበቅ ነው። ያቺ ብረት ከሌለች ቡሎኑ ወለሉን በስቶ ይወጣል። ሊሆን ከቻለም ቡሎኑ ከሻንሲው አግዳሚ ብረት አጠገብ ቢያልፍ ይሻላል።

አጫጫኑን በሚመለከት ከባዱ ሁሉ ከጋቢናው ግድግዳ ጋራ ተጠግቶ፥ ከወለሉም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በብርቱ ፍሬን ጊዜ ወደ ፊት የሚሮጥበት ክፍት ቦታ አያገኝም። ማቀዝቀዣ እንደ ቆመ ይጓዛል እንጂ አይጋደምም። ከጭነቱ አራት ማዕዘን ሁለቱ ማሰሪያዎች ወደ ፊት፥ ሁለቱ ወደ ኋላ ዝቅ ብለው ይሳቡ፤ የቀሩት በላዩ ላይ ይለፉ። በላይ የሚያልፈው ወደ ታች ይጫናል፥ መንሸራተትን ብቻውን አይከለክልም። ገመዱ የቁም ሣጥኑን ጠርዝ በሚነካበት ቦታ አሮጌ ካርቶን ወይም ብርድ ልብስ ይግባ፤ ያለዚያ ጠርዙም ገመዱም ይበላላሉ። ፍራሹስ ቢሉ፥ በቁም ሣጥኑና በጋቢናው መካከል ቁሞ ትራስ ይሁን። ከላይ ካልወጣ የሚይዘው ሰው አያስፈልገውም።

የማጥበቂያውን ቋጠሮ በወረቀት ከማስረዳት በዓይን ማሳየት ይቀላል፤ የሆነ ሆኖ እንሞክር። በገመዱ መካከል አንድ ዐይን ይበጃል፤ የቀረው ጫፍ ከወለሉ ቀለበት ውስጥ ዞሮ ተመልሶ በዐይኑ ያልፍና ቁልቁል ይሳባል። መተሻሸቱ ጥቂት ቢቀንስበትም የአንድ ሰው ጉልበት የሁለት ሰው ያህልና ከዚያም በላይ ይሆናል። ይህን ቋጠሮ የሰፈራችን ጫኝና አውራጆች ያለ ትምህርት ቤት ያውቁታል፤ እንዲያስተምሯችሁ ብትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል። ስሙን ብንጠይቃቸው «ማጥበቂያ ነው፥ ሌላ ስም የለውም» አሉን።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ ባለፈው ኅዳር ቤት ሲለውጥ እነዚህን ስምንት ማሰሪያዎች አውሰነው ነበር። ጭነቱ ካለቀ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጁ ከላይ ካልተቀመጥሁ ብሎ አለቀሰ፤ አባትየውም፥ «እኔም በርሱ ዕድሜ ከአምቦ እስከዚህ በእህል ጭነት ላይ ተቀምጬ መጥቻለሁ፥ ምን ሆንሁ?» እያለ ለልጁ ያደላ ጀመር። እኛ በሰው ቤት ገብተን እስከምን እንናገር እያልን ስናመነታ አያትየው ከበራፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፥ «አንተ ልጄ፥ አንተማ ምን ሆንህ። ያኔ እኔ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ ማን ጠየቀኝ?» አሉት። ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም። ልጁ የአያቱን ምጣድ በጭኑ ይዞ ከሾፌሩ ጋራ በጋቢና ውስጥ ገባ። ማሰሩ አርባ ደቂቃ ያህል ስለ ፈጀ ጫኞቹ አጕረመረሙ፥ ለትዕግሥታቸውም የሻይ ተሰጣቸው። በመንገድ የተሰበረ አልነበረም፤ የቁም ሣጥኑ አንድ እግር የተሰበረው አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሲወጣ ነው።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች መዝገብ በማገላበጥ የምንማረው ብዙ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው ቍጥር የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለ ንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት፥ ጥፋት ባይገኝበት እንኳ፥ ኃላፊ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ባለ መኪናው ለሁለት ቡሎን ወለሌ አይበሳም ቢል ይህን ቍጥር በትሕትና ማስታወስ ይቻላል፤ ጥቅሙ የራሱ ነውና። ካሣ የሚባለው ነገር ግን የተሰበረ ማቀዝቀዣ ይተካል፤ ከካሚዮን ላይ ለወደቀ ልጅ የሚሆነውን ዳኞቹም ሲጽፉት ብዕራቸው ይዘገያል። ከሰፈራችን የማይርቀው፥ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት የአደጋና የድንገተኛ ሕክምና ሆስፒታል በሩ ቀንና ሌሊት ክፍት ነው፤ በዚያ በር በኩል የሚገባውን ሁሉ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣውም።

ጕዞው ከተጀመረ በኋላ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ መኪናውን ዳር አስይዞ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ በእጅ መነካካት ያስፈልጋል፤ የሲራራው ነጋዴ ያደርገው የነበረውን ማለት ነው። ከጳውሎስ ለሚነሣ ሰው ዊንጌት ሳይደርስ ቢያቆም ይበቃዋል። የላላ ቢገኝ ይጥበቅ፤ ሾፌሩም ለዚህ እንዲታገሥ ከመነሣቱ በፊት ይነገረው፥ በመንገድ ላይ ሲነግሩት ይቈጣልና።

ሲወርድ ደግሞ አፈታቱ ሥርዓት አለው። ጭነቱ በመንገድ ተንገዳግዶ በአንድ ወገን ተደግፎ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ዞሮ ማየት፥ ወደ ተደገፈበት ወገን ማንም እንዳይቆም ማድረግ፥ ስፖንዳውንም ከጎኑ እንጂ ከፊቱ ቆሞ አለመክፈት ነው። በላይ ያለፉት ማሰሪያዎች ይቅደሙ፥ የማዕዘኖቹ ይከተሉ። ከተፈቱ በኋላ ጭቃው ታጥቦ በጥላ ይድረቁ፤ ተጠቅልለውም ፀሐይና አይጥ በማያገኛቸው ቦታ፥ ከበሩ ጀርባ በሚስማር ላይ ይሰቀሉ። ሜንጦዎቹን ጥቂት ዘይት መቀባት ከዝገት ይጠብቃቸዋል። የሚበደር ጎረቤት ሲመጣ ስምንቱም ተቈጥረው ይሰጡ፥ ተቈጥረውም ይመለሱ።